የወባ መድኃኒት ልብ ይጎዳል? በከተማው ዳርቻ የሚነገረው ሥጋት ሲፈተሽ

አዲስ አበባ የወባ ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ብርዱ ለትንኟ አይመቻትም። ወባው ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። ቃሊቲ መናኸሪያ የሚወርደው መንገደኛ ከአዋሽ፣ ከመተሐራ፣ ከአርባ ምንጭ ይመጣል። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ሕንፃ ላይ የሚውለው የቀን ሠራተኛም ለሸንኮራ ወይም ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዶ ይመለሳል። ከተመለሰ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ያተኩሰዋል።

ነገሩ ሰሞኑን የተጀመረ ባይሆንም መጠኑ ከፍ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። በሽተኛው ሲበዛ መድኃኒት የሚወስደውም ይበዛል። መድኃኒት ወሳጁ ሲበዛ ደግሞ ወሬው ይከተላል። «የወባ መድኃኒት ልብ ይመታል» የሚለው አባባል በአቃቂም በገላንም ይሰማል። ወሬውን ሰምቶ መድኃኒቱን በሁለተኛው ቀን የሚያቆም አለ። በተቃራኒው ወሬውን ሙሉ በሙሉ ተረት ነው ብሎ የሚያጣጥል የጤና ባለሙያም አይጠፋም። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሥጋቱ ከየት መጣ?

አንዱ ምንጭ የኮቪድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ክሎሮኪንና የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮቪድ ይበጃሉ ተባለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማርች 28 ቀን ለአስቸኳይ አገልግሎት ፈቀደ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጁን 15 ቀን፣ ፈቃዱን አነሳ። ጥቅማቸው አልታይ ሲል በልብ ምት ላይ የሚያስከትሉት ችግር ጎልቶ ወጣ።

ከሁሉ ያስደነገጠው በብራዚል ማናውስ ከተማ የተደረገው ሙከራ ነበር። በአንደኛው ቡድን ያሉ ሕሙማን ጠዋት 600፣ ማታ 600 ሚሊግራም ክሎሮኪን ለ10 ቀን እንዲወስዱ ታስቦ ነበር። ድምሩ 12 ግራም ይመጣል። በዚህ ቡድን ከነበሩት 41 ሰዎች 16ቱ በ13 ቀን ውስጥ ሞቱ። ዝቅተኛ መጠን ከወሰዱት 40 ሰዎች የሞቱት 6 ነበሩ። ከፍተኛው መጠን ወዲያው ተቋረጠ። ዜናው ወደኛ ሲደርስ ግን መጠኑ ተረስቶ «ክሎሮኪን ልብ ያቆማል» የሚለው ብቻ ቀረ።

ታዲያ ለወባ የሚሰጠው ስንት ነው? ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት የተገኘበት አዋቂ ሰው በተለምዶ የሚሰጠው 10 ፍሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን 4፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2። እያንዳንዱ ፍሬ 150 ሚሊግራም ክሎሮኪን አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 1.5 ግራም። የማናውሱ መጠን የዚህ ስምንት እጥፍ ነበር። በዚያ ላይ ሕሙማኑ በጠና የታመሙ ነበሩ፤ ሁሉም አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክም ይወስዱ ነበር። ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ሁለተኛው ምንጭ የበሽተኛው የራሱ ደረት ነው። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ ከፍ ሲል ልብ በደቂቃ በአሥር ምት ገደማ ይፈጥናል። ወባ ደም ያሳንሳል፤ ደም ሲያንስ ልብ ይደክማል፣ ይሮጣል። ሰውየው ትኩሳቱ 39 ላይ እያለ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ይውጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልቡ ድው ድው ሲል ይሰማዋል። ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ ቢጥል አይገርምም፤ በሽታው ግን ቀድሞ ሥራውን ጀምሯል።

ልብ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። በእያንዳንዱ ምት ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ልብ ሴሎች ይገባሉ፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ቀጥሎ ፖታሲየም ይወጣል፤ ሴሉ ይረጋጋና ለቀጣዩ ምት ይዘጋጃል። ይህ ሙሉ ዙር በኢሲጂ፣ ማለትም በልብ ምርመራ ወረቀት ላይ፣ ሲነበብ ኪውቲ የሚባል ርዝመት አለው። ኪውቲ ማለት የታችኛው የልብ ክፍል ለመኮማተር ምልክት ከደረሰው ጊዜ አንሥቶ ተመልሶ እስኪረጋጋ ያለው ጊዜ ነው።

ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሰው ራሱ ሊቆጥረው ይችላል። ሮዝ ቀለም ያላቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አሉት። እያንዳንዷ ትንሽ ማዕዘን 0.04 ሰከንድ ናት። ጤነኛ ኪውቲ ብዙውን ጊዜ ወደ አሥር ማዕዘን፣ ማለትም 0.40 ሰከንድ ገደማ ነው። ልብ ሲፈጥን ስለሚያጥር፣ ሲዘገይ ስለሚረዝም ሐኪሙ በምቱ ፍጥነት ያስተካክለዋል። ከተስተካከለ በኋላ 0.50 ሰከንድ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ማዕዘን ተኩል፣ ካለፈ ያሳስባል።

አንዳንድ የወባ መድኃኒቶች የሚነኩት ይህንን ነው። ፖታሲየም የሚወጣበትን በር ያጠባሉ። በሩ ሲጠብ ሴሉ ለመረጋጋት ጊዜ ይወስድበታል፤ ኪውቲ ይረዝማል። በዚያ ባልተረጋጋ ቅጽበት ያለወቅቱ የመጣ ምት ካረፈ ልብ ትርጉም የሌለው ፈጣን መርገብገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሐኪሞች በፈረንሳይኛ ስሙ ቶርሳድ ደ ፖዋንት ይሉታል። ልቡ ይርገበገባል እንጂ ደም አይረጭም። ሰውየው ራሱን ይስታል። አንዳንዴ በራሱ ይቆማል፤ አንዳንዴ ይገድላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የኪውቲ መርዘም በራሱ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ትንሽ ይረዝማል፤ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። አደጋ የሚሆነው ሌሎች ነገሮች ሲደረቡበት ነው። ፖታሲየምና ማግኒዚየም ማነስ አንዱ ነው። ሌላው ቀድሞ የነበረ የልብ ሕመም ነው። የምት መዘግየት፣ በዘር የሚመጣ የኪውቲ ርዝመት፣ ሴት መሆን ራሱም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሴቶች ኪውቲያቸው በተፈጥሮ ከወንዶች ትንሽ ይረዝማል።

መድኃኒቶቹ አንድ አይደሉም

«የወባ መድኃኒት» ተብሎ በአንድ ስም ቢጠራም በልብ ላይ ያላቸው ጠባይ ሰፊ ልዩነት አለው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ ወባ የምትጠቀመው አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተጣመሩበትን መድኃኒት ነው። ሕዝቡ ኮአርተም ይለዋል። ሉሜፋንትሪን በኬሚካል አሠራሩ ሃሎፋንትሪን ከሚባል የድሮ የወባ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። ሃሎፋንትሪን መጥፎ ስም ነበረው። በታይላንድና በበርማ ድንበር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ጥናት ኪውቲን በኃይል እንደሚያስረዝም አሳየ። ድንገተኛ ሞቶችም ተመዘገቡ፤ ቀስ በቀስም ከአብዛኛው ገበያ ወጣ። ስለዚህ ሉሜፋንትሪን በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ሁለቱን በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ያወዳደረው ጥናት ግን ሃሎፋንትሪን ኪውቲን በግልጽ ሲያስረዝም ኮአርተም ይህን እንዳላደረገ አሳይቷል። ስለ ኮአርተም «ልብ ይመታል» የሚለው ወሬ ማስረጃው በጣም ቀጭን ነው።

ክሎሮኪን ሌላ ነው። ኪውቲን ያስረዝማል፤ ይህ አያከራክርም። ለሦስት ቀን በልኩ ሲወሰድ ግን ለአሥርት ዓመታት በብዙ ሚሊዮን ሰው ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው። ጥቁር ሰው ላይ የተለመደው ችግሩ ማሳከክ ነው እንጂ ልብ አይደለም። አስፈሪነቱ ከልኩ ሲያልፍ ነው። አንድ አዋቂ በአንድ ጊዜ 5 ግራም ያህል ከዋጠ ፈጣን ሕክምና ካላገኘ የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ግፊቱ ይወድቃል፤ ፖታሲየሙ ያሽቆለቁላል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ልቡ ይቆማል። ሁሉም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ለሕፃን ልጅ ደግሞ ጥቂት ፍሬ ይበቃል። «ሲያመኝ እወስደዋለሁ» ተብሎ በኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የተረፈ ክሎሮኪን፣ ሦስቱን ቀን በሐኪም ትእዛዝ ከተወሰደው ይልቅ ሊያስፈራን ይገባል።

ኩዊኒን ከሁሉ አንጋፋው ነው። የልብ ሐኪሞችም በደንብ ያውቁታል፤ ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለዶክተር ካሬል ቬንክባህ አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ መጥቶ የተዛባ የልብ ምቱን ራሱ በኩዊኒን እንደሚያስተካክል ነገረው። ዶክተሩ ባያምነውም ሰውየው በማግሥቱ ምቱ ተስተካክሎ ተመልሶ መጣ። ከኩዊኒን ጋር መንትያ የሆነው ኩዊኒዲን ከዚያ በኋላ ለዘመናት የልብ ምት መድኃኒት ሆኖ አገለገለ። ምት የሚያስተካክል መድኃኒት ምት ሊያዛባም ይችላል። ኩዊኒን በደም ሥር ቶሎ ከተገፋ ግፊት በድንገት ይወድቃል፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርም ያወርዳል። ዛሬ ለከባድ ወባ በደም ሥር የሚሰጠው በዋናነት አርቴሱኔት ነው። አርቴሱኔት በልብ በኩል ይህን መሰል ችግር የለበትም። ለውጡ ብዙ ሕይወት ያተረፈውም በልብ ብቻ ሳይሆን ወባውን በፍጥነት ስለሚገድል ጭምር ነው።

ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ቫይቫክስ የሚያጠፋው ፕሪማኪን ዋና ሥጋቱ በሌላ በኩል ነው። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ደም ያፈርሳል። ልብን የሚነካው እንግዲህ ደም በማሳነስ በኩል ነው።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ ዛሬ በአብዛኛው ለሉፐስና ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ በልብ ጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ጡንቻውን የሚያደክምበት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚዘጋበት አጋጣሚ አለ። ብርቅ ነው፤ አለ ግን። የሦስት ቀኑን የወባ ሕክምና ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም።

«ታይፎይድም ወባም አለብህ»

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ላለ በሽተኛ ትልቁ ጥያቄ እዚህ ይመስለኛል።

ትኩሳት ይዞት ትንሽ ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው አንድ ምርመራ ውጤት አይደለም። የወባ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራም አብሮ ይታዘዛል። ዊዳል በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ሲሆን ከዓመታት በፊት የነበረ በሽታ ወይም ሌላ ትኩሳት ሊያሳስተው ይችላል። ወባ ራሱ ሊያሳስተው ይችላል። ውጤቱም «ታይፎይድም ወባም አለብህ» ይሆናል። ማዘዣው ላይ ሦስት መስመር ይጻፋል። ኮአርተም ወይም ክሎሮኪን፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ሕመም ማስታገሻ። አንዳንዴ በሲፕሮ ፈንታ አዚትሮማይሲን ይሆናል።

ሲፕሮም አዚትሮማይሲንም ኪውቲን ሊያስረዝሙ ከሚችሉ መድኃኒቶች መካከል ናቸው። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ቤዳኩዊሊንም እንዲሁ። ክሎሮኪን ብቻውን የሚያደርገው ትንሽ ነው። ሲፕሮ ብቻውን የሚያደርገውም ትንሽ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ይደማመራሉ።

ቀጥሎ በሽተኛውን እንየው። ሦስት ቀን አልበላም። ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል። ፖታሲየሙ እየወረደ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከሆኑ ደግሞ ለእግር እብጠት ወይም ለልብ ላሲክስ ይወስዱ ይሆናል። ላሲክስ ውሃን ብቻ አያወጣም፤ ፖታሲየምንም አብሮ ያወጣል። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ጥሎባቸው የሄደ የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸውም በአገራችን ጥቂት አይደሉም። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ግን የሚጠየቀው «በካርድ ነው በጥሬ ገንዘብ?» ነው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄ ሰልፉ ሲረዝም ይዘለላል።

ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢሲጂ የለም፤ ፖታሲየም የሚለካ ላቦራቶሪም የለም። ስለዚህ ያ አንድ ጥያቄ በቦታው ያለ ብቸኛ መከላከያ ነው። መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም።

ባለሙያዎቹ ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባለሙያዎችን ሰብስቦ የወባ መድኃኒቶችን በልብ ረገድ አስመርምሯል። ከሃሎፋንትሪን በስተቀር በሰፊው በሥራ ላይ ያሉት መድኃኒቶች በድንገት የልብ ሞት የሚያመጡበት አጋጣሚ እጅግ ዝቅተኛ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ፒፐራኪን የሚባል ሌላ የወባ መድኃኒት ባለበት ጥምር መድኃኒት ላይ በተደረገ ሰፊ ግምገማ ወደ 200 ሺህ ከሚጠጉ ወሳጆች ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ሊያያዝ የሚችል ድንገተኛ ሞት አንድ ብቻ ተገኘ። ሌላም ጠቃሚ ነጥብ አለ። ወባ የያዘው ሰው ኪውቲው የሚረዝመው በመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ትኩሳቱ ሲበርድ፣ ልቡ ሲዘገይ፣ ሳይበላ ሲቆይ ኪውቲ ራሱ ይለዋወጣል። በመጀመሪያው ቀንና በሦስተኛው ቀን የተነሡ ሁለት ኢሲጂዎችን አወዳድሮ ልዩነቱን ሁሉ ለመድኃኒቱ መስጠት ያሳስታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ወገኖች የሚያነሡት መከራከሪያም ቀላል አይደለም። በጥናት የሚካተተው ሰው ተመርጦ ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት፣ ሌላ ኪውቲ የሚያስረዝም መድኃኒት የሚወስድ ብዙውን ጊዜ ከበር ይመለሳል። ገጠር ውስጥ በትኩሳት ላይ ሳለ በድንገት የሞተ ሰው «በወባ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል፤ አስከሬን አይመረመርም። ስለዚህ የተመዘገበው ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል።

ሁለቱ አስተያየቶች የሚጣሉ አይመስሉኝም። የመጀመሪያው ስለ ሕዝቡ በጅምላ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ አንዳንድ ሰው። ለጤነኛ የቀን ሠራተኛ ያልታከመ ፋልሲፓረም በቀናት ውስጥ አንጎል ላይ ወጥቶ ሊገድለው ይችላል፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የመድኃኒቱ የልብ ሥጋት ኢምንት ነው። ወሬ ሰምቶ መድኃኒት ማቋረጥ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ላሲክስና ሲፕሮ አንድ ላይ ለሚወስዱት እናት ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ወባውን ሳይታከሙ መተው ሳይሆን ሲፕሮው በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፣ ካስፈለገም ልብ የማይነካ አማራጭ መፈለግ ነው። መድኃኒቱን ጀምሮ ራሱን የሳተ፣ ወይም ልቡ በድንገት ተዛብቶ ዓይኑ የጨለመበት ሰው ግን ኢሲጂ ወዳለበት ሆስፒታል እንጂ ወደ ቤት መሄድ የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ኮአርተም ልብን እምብዛም ስለማይነካ ብዙ ባልተጨነቅን ነበር። ችግሩ ወባው እየተለማመደ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ ጥናት በኢትዮጵያ አርቴሚሲኒንን (አርቴሜተርና አርቴሱኔት የሚመደቡበትን የመድኃኒት ቤተሰብ) በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ፣ አር622አይ የሚባል የዘር ለውጥ ያለው ፋልሲፓረም መኖሩን አሳይቷል። ኮአርተም ዛሬም ይሠራል። ቢሆንም አንድ መድኃኒት ላይ ብቻ መደገፍ አደገኛ ስለሆነ ተለዋጭ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ተለዋጮች አንዱ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒንና ፒፐራኪን የተጣመሩበት ነው። ፒፐራኪን ደግሞ ኪውቲን ያስረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዘር የሚመጣ የኪውቲ ርዝመት ላለባቸውና ኪውቲ የሚያስረዝም ሌላ መድኃኒት ለሚወስዱ እንዳይሰጥ ያሳስባል።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያደናግር ነገር ይመጣል። ኮአርተም ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሰርጽም። ሕዝቡ «ከወተት ጋር» የሚለውን ምክር ለምዶታል፤ በጾም ወቅትም ዘይት ያለበት ወጥ ወይም የለውዝ ቅቤ ይተካዋል። ፒፐራኪን ግን ተቃራኒ ነው። ከቅባት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል፤ ኪውቲም አብሮ ይረዝማል። ስለዚህ ከምግብ ርቆ በውሃ ብቻ እንዲወሰድ ነው የሚመከረው። የወባ መድኃኒት ሁሉ ከወተት ጋር ነው ብሎ የለመደ ቤተሰብ አዲሱን መድኃኒት በአሮጌው መመሪያ ቢወስድ፣ ያው የሦስት ቀን መጠን በልብ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይለወጣል። መድኃኒቱን በእጁ የሚያስረክበው ባለሙያ «በምን ነው የምትወስደው?» ብሎ መጠየቅ ሊኖርበት ነው፤ ቀጥሎም «ሌላ ምን ትወስዳለህ?»